ሻሼ ያንተ ናት

ሰው ሁሉ መስጠት ከባድ ነው ይላል። ውሸት ነው። መስጠትማ እጅ ካለ ይሰጣል፤ የሚከብደው መቀበል ነው። ሲሰጡህ ቶሎ ከተቀበልህ «ምነው እንዲህ ጎመጀ!» ትባላለህ። ይቅርብኝ ካልህ «ናቀን» ትባላለህ። ለወጉ ያህል አንድ ሁለቴ እምቢ ብለህ በሦስተኛው ልትቀበል አስበህ እንደሆነም ሰጪው ሁለተኛውን እምቢታህን ያምንና እጁን ወደ ኪሱ ይመልሳል፤ አንተም ያመለጠህን ስታሰላስል ትከርማለህ። ማንበብና መጻፍ የማያውቅ ሰው ሁሉ ይማር ተብሎ ዘመቻ ሲታወጅ፣ መቀበል ለማያውቅ ሰው አንዲት ክፍል እንኳን አለመከፈቷ እስካሁን ያሳዝነኛል።

በዚያ በጓድ ዘመን ቆቦ ውስጥ በዚህ ጉዳይ አስተያየት የሌለው ሰው አልነበረም። ጉባኤው የሚካሄደው አውራ ጎዳናው ዳር ባለችው የእታገኝ ሻይ ቤት ነው። እታገኝ አስተናጋጅ እንጂ ባለቤት አይደለችም፤ ነገር ግን ባለቤትየው ብቅ ብሎ ስለማያውቅ ቤቱ የሚጠራው በእሷ ስም ነበር። ወደ መቀሌ የሚያልፍ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ጉርሻ የሚሰጠው ፈገግ ላለች ብቻ ነው ይላል። ልብስ ሰፊው ደግሞ፣ እኔ ሱሪ በደንብ ስሰፋ ማን አጉርሶኝ ያውቃል ብሎ ያኮርፋል። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ብድግ ብለው፣ ጉርሻ የፊውዳሉ ሥርዓት ርዝራዥ ስለሆነ ከሥሩ ተነቅሎ መጣል አለበት ይላሉ። እታገኝም ብርጭቆዋን እየሰበሰበች፣ «እንግዲያው ርዝራዡን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ጣሉልኝና ሂዱ» ትላቸዋለች።

ክርክሩን የዘጉት ጓድ ተፈራ ናቸው። ጓድ ተፈራ የእኛ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ የውይይት ክበቡም ሰብሳቢ ነበሩ፤ አገር ላይ ክፍት ሆኖ የተገኘን ነገር ሁሉ መዝጋት የእሳቸው ድርሻ ነው። አንድ ቀን በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ማስታወቂያ በየበሩ አስለጠፉ። ጉርሻም ሆነ ማናቸውም ዓይነት ስጦታ መስጠትና መቀበል ከአብዮታዊ ሥነ ምግባር ጋር የሚጻረር ስለሆነ በጥብቅ የተከለከለ ነው፣ ይላል። አንዱ የእኛ የእንስሳት ክሊኒክ በር ላይ ተለጠፈ፤ አንዱ ሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ። እታገኝ ማስታወቂያውን አላነሣችም። ከሥሩ አግዳሚ እንጨት መታችበትና ትንሽ ሳህን አስቀመጠችበት። ከዚያ ወዲያ የሆነውን ቢያዩት ያስቃል። ጉርሻ መስጠት ትዝ ብሎት የማያውቅ መንገደኛ ሁሉ ማስታወቂያውን ሊያነብ ይጠጋል፤ አንብቦ ሲጨርስ ሳህኗን ያያል፤ ያፍርና እጁን ኪሱ ይከታል። ጓድ ተፈራ ለጉርሻ የሠሩላትን ውለታ ሾፌሮቹ ሁሉ ተባብረው አልሠሩላትም።

እኔ በዚያን ጊዜ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርሁ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ጢሜ በቅጡ ሳይወጣ ነው ነጭ ካፖርት አልብሰው ቆላ የሰደዱኝ። አገሬው «ሐኪም» ይለኛል። ረዳት ነኝ ብዬ ለማረም አልቸኮልሁም፤ ሰው በራሱ ፈቃድ ሲሾምህ ሹመቱን መመለስ ምን ይሉታል? የሚገርመው ይህን ያህል መቀበል የማውቅ ሰው ሆኜ ሳለ በአንዲት ጥጃ መሰናከሌ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከሮቢት ወዲያ ካለ መንደር ሰዎች እያለከለኩ መጡ። የአያ ሰይድ ላም ምጥ ይዟት ጥጃው አልወጣ ብሏል። አያ ሰይድ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ በዚያ ቆላ ቃላቸው የሚሰማ ሽማግሌ ናቸው። ሲነሡ ሰው አብሮ ይነሣል፤ ሲቀመጡ አብሮ ይቀመጣል። ደረስሁና እጄን እስከ ትከሻዬ ሳሙና ለቅልቄ ገባሁበት። ጥጃዋ አንድ እግሯን ወደ ኋላ አጥፋ ኖሯል። እግሯን አቃንቼ፣ ገመድ አስሬ፣ ላሚቱ ስታምጥ እኔም አብሬ እያማጥሁ ስጎትት፣ በመጨረሻ ተያይዘን መሬት ላይ ተዘረጋን። ቀይ ጥጃ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ሻሽ ያሰረች ትመስላለች። እዚያው ሻሼ ተባለች።

አያ ሰይድ አላህን አመሰገኑ፣ ላሚቱን ዳበሱ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሻሼ ያንተ ናት» አሉኝ።

እዚህ ላይ የአገሩ ሰው ቢሆን ኖሮ መርቆ ይቀበልና ነገሩ ያልቃል። እኔ ግን የተማርሁ ነኝ። ማስታወቂያውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ያ ሁሉ እዥ ከክንዴ ላይ ሳይደርቅ ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ ከአብዮታዊ ሥነ ምግባር ጋር የሚጻረር ስለሆነ ብዬ ጀምሬ እስከ መጨረሻው አነበነብሁት። አያ ሰይድ በትዕግሥት አዳመጡኝ። ጨረስህ ወይ አሉኝ፤ ጨረስሁ አልኋቸው። «እንግዲያስ እጅህን ታጠብ» ብለው ውሃ አስመጡልኝ። አልተቆጡም። ያ አለመቆጣታቸው ነበር ክፉው፤ እኔ ግን በራሴ እየኮራሁ መንገዴን ቀጠልሁ። ስመጣ የመንደሩ ሰው ግማሹ አጅቦኝ ነበር። ስመለስ የሸኘኝ የአያ ሰይድ ውሻ ብቻ ነው፤ እሱም እስከ አጥሩ ድረስ።

ከዚያ በኋላ በክሊኒኩ ደጅ ከብት ጠፋ። የታመመ በሬ የያዘ ሰው በደጄ እየነዳ አልፎ ሥር ማሽ ዘንድ ይሄዳል። በሬው ዞር ብሎ ሲያየኝ ሰውየው አያየኝም። ሰላም ስላቸው «አልሐምዱሊላህ» ብለው ያልፋሉ፤ እንዴት ነህ የሚል የለም። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ዕረፍት ቆጥሬው ነበር። ካፖርቴ እንደ ነጣ ዋለ፤ ደመወዜም እንደ ወትሮው ወጣ። ከዚህ የበለጠ የመንግሥት ሥራ ከየት ይመጣል?

በጥቅምት ግን ከበላይ መመሪያ ወረደ፤ በጥር የደስታ ክትባት ዘመቻ ይደረጋል ተባለ። ደስታ ማለት በረት ሙሉ ከብት ጠራርጎ የሚጨርስ በሽታ ነው። አባቶቻችን ስሙን እንዲህ ያሳመሩለት እንዳይቀየማቸው ፈርተው ሳይሆን አይቀርም፤ እኛም ብዙዎቹን አለቆቻችንን በዚሁ ዘዴ ነበር የምንጠራቸው። ጓድ ተፈራ አስጠሩኝና፣ የቆላው ከብት አንድም ሳይቀር ለክትባት ካልወጣ ነገሩ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው አሉኝ። አሻጥር ካለ ደግሞ አሻጥረኛ አለ፤ አሻጥረኛውም ጓድ ተፈራ እንዳይሆኑ አስቀድመው ወስነዋል። ያ ቃል በዚያን ጊዜ እንዴት እንደሚያቃጥል ላልደረሰበት ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። በዚያ ስም ተጠርተው የሄዱ ሰዎች የት እንደ ገቡ ዘመድ እንኳን የሚጠይቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። ፈራሁ። ምን እዋሻለሁ፣ በጣም ፈራሁ። ጥጃዋን ብቀበል ጉቦኛ፣ ባልቀበል አሻጥረኛ፤ ሰው በአንዲት ጥጃ ከፊትም ከኋላም ሲወጋ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ጭንቀቴን ለእታገኝ አወራኋት። እናቷ የጎብዬ ሰው ስለሆነች የአገሩን ደንብ ታውቃለች። ሰምታኝ ጠረጴዛ እስክትደገፍ ሳቀች። «ሰው የሰጠህን በፊቱ መለስህበት? ምነዋ ሐኪም፣ ምራቅህን ብትተፋበት ይሻለው ነበር!» አለችኝ። ስጦታ መመለስ ማለት ቤትህ አልደርስም፣ ቤቴም አትድረስ ማለት ነው አለች። ዝምድናህ ይቅርብኝ ያልኸውን ሰው ከብትህን አምጣልኝ ብትለው በምን ዓይኑ ያይሃል? መፍትሔው አንድ ነው፤ ሽማግሌ ላክ። ምን ብዬ ልላክ ብላት፣ «በድያለሁ ብለህ ነዋ!» ብላ ሻይዬን ሳላዝ ደገመችኝ።

ጉቦ ባለመቀበሉ ተጸጽቶ ሽማግሌ የላከ የመንግሥት ሠራተኛ ከእኔ በፊት ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። በራያ እንዲህ ያለውን ቅያሜ የሚዳኙ ዘወልድ የሚባሉ አስታራቂዎች አሉ፤ የደም ነገር እንኳን በእነሱ እጅ ይበርዳል። ከአንድ ትልቅ ግራር ሥር ተሰበሰቡና እኔን እንደ ወንጀለኛ መሐል አቆሙኝ። ጥጃዋ በሽተኛ ነበረች ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አይደለችም አልሁ። አያ ሰይድ ከዚህ ቀደም በድለውሃል ወይ አሉኝ፤ አልበደሉኝም አልሁ። «ታዲያ ምን ሁነህ ነው?» አሉኝ። ሕግ አለ ብዬ ጓድ ተፈራ የለጠፉትን ነገርኋቸው። አንዱ ሽማግሌ ዱላቸውን አገጫቸው ሥር አስደግፈው አሰቡና፣ «ይህ ሕግህ ሻሼን ያውቃታል?» አሉ። አያውቃትም። «እንግዲያው ባላወቀው ምን አገባው?» አሉ። በሙያዬም በሕይወቴም ከዚህ የተሻለ የሕግ ትርጓሜ ሰምቼ አላውቅም።

ተፈረደብኝ። የመጀመሪያው ቅጣት፣ ቀበሌው በወር የሚሰፍርልኝን ስኳር ለሽማግሌዎቹ ላመጣ። ሁለተኛው፣ ጥጃዋን ልቀበል። ስኳሩ መጣ፤ ሻይ ተፈላ፤ እኔም በገዛ ስኳሬ ተጋብዤ ጠጣሁ። ምርቃቱ ሲወርድ «አሚን!» ይላሉ፤ እኔም ከማንም በላይ ጮክ ብዬ አሚን እላለሁ። አያ ሰይድ ተነሥተው አቀፉኝና እንደገና፣ «ሻሼ ያንተ ናት» አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልሁ። የዋህነቴን ልንገራችሁ፤ ገመድ ይዤ ነበር የሄድሁት።

ገመዱን ሲያዩ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሳቁብኝ። ጥጃ ከእናቷ ተለይታ ወዴት ትሄዳለች? ሻሼ ያንተ ናት፤ የምትኖረው ግን አያ ሰይድ በረት ነው። የአንተ ድርሻ አልፎ አልፎ ጨው ይዘህላት መምጣት፣ ከሳች ወይስ ሰባች ብለህ መጠየቅ ነው። የእሳቸው ድርሻ ደግሞ ገበያ ሲወጡ አንተ ቤት ማረፍ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባላል። የሰማይዋስ ጨው አምጣ አትልም፤ ማደሪያ ስጡኝ የሚል ሰውም አትልክም።

የገበያ ቀን ሲመጣ አንዲቱ ክፍሌ አያ ሰይድን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ስልቻ ማሽላና አንድ ኮርቻ ትይዛለች። አንድ ጊዜ ለገበያ የመጣች ዶሮ አልጋዬ ላይ ወጥታ እንቁላል ጥላልኝ ሄደች፤ ከዚያ ሁሉ ንብረቴ በእጄ የገባው ፍሬ እሱ ብቻ ነው። አጉረመረምሁ፤ አልክድም። ግን ወባ ጥሎኝ ራሴን ቀና ማድረግ ባቃተኝ ሰሞን አጥሚቱን ያጠጡኝ የአያ ሰይድ ባለቤት ናቸው። ደሴ ያለች እናቴ መታመሜን የሰማችው ከተነሣሁ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ የከተሜውን ስጦታ ማስተያየት ጀመርሁ። ለአንድ ባልደረባዬ ሠርግ ጽጌረዳ የተሣለባቸው ስድስት ብርጭቆዎች በሚያብለጨልጭ ወረቀት ጠቅልዬ፣ ስሜን ከላይ ጽፌ ሰጥቼው ነበር። ብርጭቆዎቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ተደርድረው ይታያሉ እንጂ አይጠጣባቸውም። ሰውየውም ለሻይ እንኳን ጠርቶኝ አያውቅ። የከተማ ስጦታ ሰጥተህ የምትገላገለው ነው፤ የቆላው ግን ከተሰጠህ በኋላ ነው የሚጀምረው።

ጥር ገባ። አያ ሰይድ አንድ ቃል ተናገሩ፤ ከጎብዬ እስከ ሮቢት ያለው በረት ተከፈተ። ያን ዕለት ጠዋት ሜዳው ላይ ቆሜ ከብቱ በአቧራ ተሸፍኖ ሲግተለተል ሳይ እንባዬ መጣ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ አቧራው ነው አልሁ፤ ግን አቧራው አልነበረም። ከእንግዲህ አሻጥረኛ የሚለኝ የለም። መርፌዬን ይዤ ከእንጨቱ መተላለፊያ ዳር ቆምሁና ሥራ ጀመርሁ።

ጓድ ተፈራ ካኪያቸውን አስተኩሰው ሊጎበኙ መጡ። ለሕዝቡ ትንሽ ከታዩ በኋላ ክንዴን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱኝ። አንዲት ቀይ ጥጃ ስታልፍ መርፌውን ቀስ ብለህ ነው የምትወጋት፣ ግንባሯ ነጭ ነው አሉኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጥሩ ዘር ናት፣ ለሰፊው ሕዝብ ትጠቅማለች አሉ። ሰፊው ሕዝብ ይህን ያህል ሲያቀላቸው አይቼ አላውቅም። እሳቸው ሳይርቁ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር መጡ፤ ያችው ቀይ ጥጃ፣ ያው ነጭ ግንባር፣ ያው አደራ። በመጨረሻ የፖሊስ ጣቢያው አሥር አለቃ ጠመንጃቸውን እንዳነገቱ ደረሱ። ፖሊስ አይሽኮረመምም። «የኔዋ ተከተበች?» ብለው ከሩቅ ጮኹና በጣታቸው ሻሼን አመለከቱ።

አራታችንም ዞር ብለን ተያየን። ሻሼ መሐላችን ቆማ ታመሰኳለች።

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። ለአሥር አለቃው የተሰጠችው የአያ ሰይድን የጠፋ ግመል ካስገኙ በኋላ ነው። ለዳይሬክተሩ፣ የአያ ሰይድን ልጅ ከመዘገቡ በኋላ። ጓድ ተፈራ ግን ከሁላችንም ቀድመዋል፤ ሻሼ የተሰጠቻቸው ገና በእናቷ ሆድ ሳለች ነው፣ ያውም ማስታወቂያውን በለጠፉበት ሰሞን። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እሳቸው እንዳይቆጫቸው ሳትወለድ ጀመሩ። እኔ ያን ሁሉ ስጎትታት የኃላፊዬን ንብረት ነበር ለካ ከማኅፀን የማወጣው! ጓድ ተፈራ በየገበያው ቤታቸው የሚያርፉትን ሽማግሌ ለጎረቤት «አጎቴ ናቸው» ይሉ ነበር፤ የአያ ሰይድ ታናሽ ወንድም ናቸው።

አያ ሰይድ ተጠሩ። ጓድ ተፈራ መቆጣት ፈልገዋል፤ ጮክ ብለው እንዳይቆጡ ደግሞ ሜዳው ሙሉ ሰው ነው። ስለዚህ በሹክሹክታ ተቆጡ። አንዲትን ጥጃ ለአራት ሰው መስጠት ምን ዓይነት ሥራ ነው አሉ። አያ ሰይድ አላፈሩም፤ እንዲያውም የገረማቸው የእኛ መቆጣት ነው።

«በስድሳ ስድስቱ ድርቅ ከብቴ በሙሉ አለቀ» አሉ። «ጉድጓድ የቀበርሁት ማሽላም አለቀ። ያኖርሁት ሁሉ ከዳኝ፤ የሰጠሁት ነው ያልከዳኝ። ጥጃ የሰጠሁት ወዳጅ ደጁን ከፈተልኝ፤ ሌላው የልጆቼን ነፍስ አቆየልኝ። ወላሂ፣ ያ ባይሆን ዛሬ እዚህ አልቆምም። እኔ ደጅ ነው የማበጅ። ሻሼ አንድ ናት፤ ደጁ ግን ይኸውና አራት ሁኗል።»

እኔማ ያችን አጥሚት አስታወስሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። አያ ሰይድ ግን በአንድ ሎሚ ነው ሃምሳውን ሰው ያስጌጡት። ሽማግሌውም ቀጠሉ። «ደሞስ ሁሉ ነገር የጋራ ነው ብላችሁ በየስብሰባው የምታስተምሩን እናንተው አይደላችሁም? እንደ ቃላችሁ አደረግሁ!»

ጓድ ተፈራ በውይይት ክበብ መልስ አጥተው አያውቁም፤ ዛሬ ግን የቀረቻቸው አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት። እሺ፣ ጥጃዋስ የጋራ ትሁን፤ አድጋ ስትወልድ ወተቷ የማን ሊሆን ነው አሉ።

አያ ሰይድ እንዲህ ያለ ቀላል ነገር እንዴት ይጠፋችኋል በሚል ዓይን አራታችንንም በየተራ አዩን። «መሬት ላራሹ አላላችሁም? ወተትም ላላቢው ነዋ!»

አመሻሽ ላይ አራት የአንዲት ጥጃ ባለቤቶች እታገኝ ሻይ ቤት ከማስታወቂያው ሥር ተቀምጠን ሻይ አዘዝን። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። እታገኝ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ በወተት ይሁን ወይስ ያለ ወተት ብላ ጠየቀችን። ጓድ ተፈራ ሻያቸውን ጨርሰው ሲወጡ ቆም አሉ፤ የራሳቸውን ማስታወቂያ ከላይ እስከ ታች አነበቡና ከሥሩ ያለችው ሳህን ላይ ሳንቲም ጠብ አደረጉ። የየትኛው ሥርዓት ርዝራዥ እንደሆነች አልጠየቅናቸውም።